ያልታኘከው መፋቂያ

በሩ ሲንኳኳ ፀዳለ ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ነው ዘልላ የከፈተችው። ጦርነቱ መርሳ ከገባ ወዲህ ደጇን የመታ ሰው አልነበረም። ስልክ ከተቋረጠ ጀምሮ አዲስ አበባ ያሉት ልጆቿ በሕይወት መኖሯን አያውቁም። ሰው በመምጣቱ ደስ ቢላትም፣ ሲቲ ደጃፉ ላይ ቆማ ስታለቅስ ስታይ ደስታዋ ወዲያው ጠፋ።

«እትዬ ፀዳለ፣ አያ ዓለምነህ ሞተው አደሩ! እኔን ‹መርዛቸዋለች› ብለው ከአገር ሊያስወጡኝ ነው። ወላሂ ምንም አላደረግሁም!»

ፀዳለ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ወልድያ ላይ የወንጀል መርማሪ ነበረች። አሁን መርሳ ውስጥ ፖሊስም ፍርድ ቤትም የለም፤ ያለው ወሬ ነው፣ ወሬ ደግሞ ለመፍረድ ቀጠሮ አይሰጥም። ሲቲ ገበያ ዳር መፋቂያና ቅመም የምትሸጥ ብቸኛ ሴት ናት። ከከተማው ከወጣች መንገዱ ሁሉ ተኩስ ነው። ይህን ደግሞ የሚያባርሯትም አላጡትም።

አያ ዓለምነህ ሚስታቸው የሞተችባቸው የድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ፀዳለ ከሲቲ ጋር ቤታቸው ስትደርስ አልጋቸው ላይ እንደተኮራመቱ ቀርተዋል። ራስጌያቸው በርጩማ ላይ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በኩባያ ሙሉ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የወይራ መፋቂያ አለ። ፀዳለ የመፋቂያውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። በድንጋይ ተቀጥቅጦ ለስልሷል። ደረቅ ነው፤ የጥርስ ምልክትም የደም ጠብታም የለበትም። ቀጥላ አልጋው ሥር የነበረውን የመጠጫ ብርጭቆ አንሥታ አሸተተች። የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል።

«ለምን ቀጠቀጥሽው?» አለቻት ሲቲን።

«ማኘክ የት ችለው! ድዳቸው አብጦ ይደማል፣ የፊት ጥርሳቸው ይነቃነቃል። ‹ለብ ባለ የጨው ውሃ ጠዋት ማታ ይጉመጥመጡ፣ እንዳይውጡት፤ በዚህች ደግሞ የድድዎን ሥር ቀስ አድርገው ይጥረጉ› አልኳቸው። ድድ ቆሻሻው ሲነሣለት ነው ረገብ የሚለው። የተዘረፈው ጤና ጣቢያ ሲከፈት ደግሞ ሐኪም እንዲያያቸው መክሬያቸው ነበር።»

«አመኑሽ?»

«እርሳቸው እቴ! ‹ጥርሴን ነቀዝ በልቶት ነው› እንዳሉ ናቸው። ‹ጥርስዎ አልነቀዘም፣ የታመመው ድድዎ ነው› ብላቸው አልሰሙኝም።»

ሲቲ ትባረር ብላ ከሁሉ አብልጣ የጮኸችው ገነት ነበረች፤ የሟች ሚስታቸው የእህት ልጅ ናት። ምግብ የምታቀብላቸውም እርሷ ናት።

«ትናንት አመሻሽ ምን አሉሽ?» ስትል ፀዳለ ጠየቀቻት።

«ሳህኑን በር ላይ ነው የሰጠኋቸው፣ አልገባሁም። ‹ሕመሙ ሊያሳብደኝ ነው› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄድኩ» አለች ገነት፤ ቀና ብላ አላየቻትም።

በግድግዳ የሚዋሰናቸው ተከራይ ወንድሙ የሚባል እህል ነጋዴ ነው። ክፍሉ በማሽላ ጆንያ ተጨናንቋል። ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው እርሱ ነው።

«ትናንት መፋቂያዋን ሲያኝኩ በመስኮት አይቻቸዋለሁ» አለ። «እንደ ሸንኮራ ነበር የሚያደቋት። መርዙ እዚያ ላይ ነው!»

ፀዳለ በጆንያዎቹ መካከል ዞር ዞር አለች። አፍንጫዋ ሥራ ላይ ነበር።

ከቀትር በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበችው።

«አያ ዓለምነህን የገደለው ከሲቲ እጅ የወጣ ነገር አይደለም» አለች። «የጨው ውሃው ሙሉ ነው፤ አልተጉመጠመጡበትም። መፋቂያውም ደረቅ ነው። የሚደማ ድድ ነክቶት ቢሆን ደም ይይዝ ነበር። ወንድሙ ግን ‹ሲያኝኩት አየሁ› አለኝ። በዚያ በሚነቃነቅ ጥርስ? ሰው ያላየውን አየሁ የሚለው የሚሸፍነው ነገር ሲኖረው ነው።»

ወንድሙ አንገቱን ደፋ።

«ብርጭቆው የሚሸተው ሽታ ወንድሙ ክፍል ውስጥም አለ። እህሉ እንዳይበላሽ ጆንያው መካከል የሚያስቀምጠው ክኒን ሽታ ነው። ያን ክኒን ምን ብለን ነው የምንጠራው?»

«የነቀዝ መድኃኒት» አለ አንድ ገበሬ፤ ወዲያው እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«አዎ። አያ ዓለምነህም ‹ጥርሴን ነቀዝ በላው› ይሉ ነበር። ምን ብለው ለመኑህ፣ ወንድሙ?»

«‹የነቀዝ መድኃኒት የለህም ወይ?› አሉኝ» አለ ወንድሙ። «ለማሽላቸው መስሎኝ በመስኮት አቀበልኳቸው። ጠዋት ብርጭቆውን ሳይ ነው ለጥርሳቸው ብለው እንደጠጡት የገባኝ። ፈራሁ። ሰው ሁሉ ሲቲ ሲል እኔም ሲቲ አልኩ።»

«የምን ማሽላ? ጎተራቸው እኮ ባዶ ነው። ከገነት ሳህን በቀር የሚቀምሱት አልነበራቸውም። ይህን አታውቅም?»

«ቤታቸው ገብቼ አላውቅም።»

«ስንት ጊዜ ተጎራበታችሁ?»

«ዓመት አልፎኛል» አለ ቀስ ብሎ።

ገነት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፀዳለ በሥራ ዘመኗ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አጋልጣለች፤ የዛሬውን ያህል ግን እውነት ማወቅ ከብዷት አያውቅም። ለየትኛው ነቀዝ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ቢኖር ሰውዬው አይሞቱም ነበር።

«ሲቲ፣ ይቅር በይን። የትም አትሄጂም» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ሲቲ ወደ ወንድሙ ተጠጋች። ልትረግመው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ።

«ጠዋት ብትነግረኝ እኮ አብረን እናለቅስላቸው ነበር» አለችው። «እኔም ብሆን ከእርሳቸው ሌላ ‹ግቢ› የሚለኝ ሰው አልነበረኝም።»