ሐላዋው ላይ የተጻፈችው ፊደል

«ማን ነው የነካው?»

የሜቲ እናት ብሪቱ ጣሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ ከጓዳ ወጣች። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሜቲ ያለቁትን የሬዲዮ ባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ መትቷቸው ትንሽ እንዲያገለግሉ ቆርቆሮ ላይ ትደረድራለች። ከቧንቧው አጠገብ ልብስ አጣቢዋ ኡም ብኸይታ አንሶላ ይጨምቃሉ። ሰው ሁሉ በልጃቸው ስም፣ የብኸይታ እናት ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ብኸይታ ደግሞ ከሜቲ ጋር ስምንተኛ ክፍል በአንድ ዴስክ ትቀመጣለች።

«እኔ እንጃ» አለች ሜቲ፣ ዓይኗን ከባትሪዎቹ ሳታነሳ።

«እዚህ ድረስ ነበር!» እናቷ ጣሳው ውስጥ በሚስማር የጫረችውን መስመር አሳየች። «አሁን የት ወርዶ እንዳለ እዪው። የቢሮ ሰዎች ሲመጡ ምን ላቀርብላቸው ነው?»

ክልሉ ገና አዲስ ነው። አሶሳ ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ በየጊዜው አንድ ቢሮ ይከፈታል፤ ቢሮ ደግሞ ቤት ይፈልጋል። ወፍጮ ቤትና አይሱዙ ያላቸው የሜቲ አባት አቶ ጅረኛ አዲሱን ቤታቸውን ሊያከራዩ አስበዋል። ከሰሊጥና ከስኳር የሚሠራውን ይህን የሱዳን ጣፋጭ፣ ሐላዋውን፣ ከድንበሯ ከኩርሙክ ያመጣው አይሱዙው ነው። ለእንግዳ ነው የተባለው።

ቤታቸው ሀብታም ቤት ነው ቢባልም ክብሪት በምላጭ ለሁለት ይሰነጠቃል። የሳሙና ፍርፋሪ ተጠፍጥፎ እንደገና ሳሙና ይሆናል። የስሚንቶ ከረጢት ተራግፎ ወረቀቱ ደብተር ይሸፈንበታል። እናቷ ለራሷ ብላ የገዛችው ነገር ቢኖር ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ስድስት ብርጭቆ ነው፤ እነሱንም በየሳምንቱ ትወለውላቸዋለች እንጂ አንድም ሰው ጠጥቶባቸው አያውቅም።

ሐላዋውን የምትጠብቅበት ዘዴም የራሷ ነው። ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት ጀምራለች። መጀመሪያ ያወቀችው የስሟን ፊደል ስለሆነ፣ ሐላዋውን በማንኪያ ጀርባ ትደለድልና በክብሪት እንጨት «ብ» ትልበታለች። ማኅተሟ እሱ ነው።

«ጓዳ የሚገባ ሌላ ማን አለ?» አለች አሁን ወደ ልብስ አጣቢዋ ዞራ። «ሳሙና ልውሰድ እያልሽ የምትገቢው አንቺ ነሽ።»

ኡም ብኸይታ ቀና አሉ። አረፋው ከክርናቸው ይንጠባጠባል። «ወላሂ እኔ አልነካም፣ ብሪቱ። ሳሙና ብቻ ነው የወሰደ። ስድስት ዓመት ይሄ ቤት ገባ፣ አንድ ቀን ክፉ ሠራ?»

«ታዲያ ጂኒ ነው የበላው?»

ሜቲ ወደ ጣሳው አጮለቀች። ሐላዋው ላይ «ብ» አለች፤ ግን ሁለቱም እግሮቿ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የእናቷ «ብ» አንድ እግሯ ሁልጊዜ ያጥራል። ኡም ብኸይታ ደግሞ በዕድሜያቸው እርሳስ ጨብጠው አያውቁም።

ሜቲ ያቺን «ብ» ማን እንደጻፋት ታውቃለች። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጓዳው በር ገርበብ ብሎ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ፣ ስለ ቁጠባ በየማዕዱ የሚመክሩት አባቷ፣ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ብቻ ቆመው ማንኪያ ይልሳሉ። ሲያዩዋት ደነገጡ፤ ወዲያው ፈገግ አሉና ሌላ ማንኪያ ሞልተው ዘረጉላት።

«ነይ፣ ሜቲ ኮ፣ የኔ ሜቲ። ለእናትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ሜቲም በላች። አፏ ውስጥ ሟሟ። አባቷ ሐላዋውን ደለደሉና በክብሪት እንጨት ፊደሏን መልሰው ጻፉ። «ከእናትሽ «ብ» ይልቅ ታምራለች፣ አይደል?» አሉ። አብረው ሳቁ።

አሁን ሜቲ ወደ እናቷ አንድ እርምጃ ቀረበች። «እማዬ…» አለች።

«አንቺ ዝም በይ! የትልቅ ሰው ነገር ነው።» እናቷ ወደ ኡም ብኸይታ ተመለሰች። «ከዛሬ ወዲያ እንዳትመጪ።»

ኡም ብኸይታ ወደ ቧንቧው ዞሩ። የቀረውን አንሶላ አጥበው አሰጡ፤ የተረፈችውን ሳሙና ሁሉም እንዲያያት የማጠቢያው ድንጋይ መሃል ላይ አስቀመጡ፤ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ሰኞ ብኸይታ ክፍል ስትገባ ዳበሳ የሚባል ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሳ።

«ሐላዋ መጣች! ምሳችሁን ደብቁ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ብኸይታ ደብተሯን አውጥታ ከሜቲ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ተቀመጠች።  የእረፍት ደወል ሲደወል ሳትዞር እንዲህ አለች፦

«እናቴ ጣፋጭ ብትበላ ጥርሷን ያማታል። አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እናትሽ ስትሰድባት ቆመሽ ነበር?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

ሜቲ የዴስኩን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር።

«ገባኝ» አለች ብኸይታ። «ኮምፓሴን መልሺልኝ።»

ሜቲ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወፍጮ ቤት ሄደች። የአባቷ ቅንድብ ዱቄት ለብሷል። የሞተሩ ድምፅ ስለሚያደነቁር ጆሯቸው ሥር ሆና መጮህ ነበረባት።

«አባባ፣ ለእማዬ ይንገሯት!»

አቶ ጅረኛ ዞር ዞር ብለው አዩና በክንዷ ይዘው ወደ ውጭ አወጧት። «ምን ብዬ? እኔ እኮ ሰው የማስታርቅ ሽማግሌ ነኝ። ጅረኛ ጓዳ ለጓዳ ሐላዋ ይልሳል ሲባል ይታይሽ!» ትንሽ ሳቅ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። «ወለጋ ልጅ ሳለሁ ቆሎ ቆርጥሜ ነው ያደርኩት። ከዚያም ስንት ዓመት፣ አፌ ያማረውን ሳልበላ ነው ይህን ቤት የሠራሁት። አንዲት ማንኪያ ብታምረኝ ኃጢአት ነው?»

«መብላትዎ አይደለም፣ አባባ።»

ዱቄቱን ከቅንድባቸው ጠረጉ። «ሴትዮዋ ሥራ አታጣም። ስንት ቢሮ እየተከፈተ…» አሉና ሳይጨርሱ ወደ ሞተራቸው ገቡ።

ቤት ስትደርስ እናቷ በስሚንቶ ወረቀት ላይ አጎንብሳ ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት ሜቲ ራሷ ያስተማረቻትን «ሜ» አምስት ጊዜ ደርድራለች።

«እዪልኝ እስቲ፣ አምሯል?»

«አምሯል።» ሜቲ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማዬ፣ የብኸይታ እናት እኮ መጻፍ አይችሉም።»

እርሳሱ ቆመ። እናቷ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባሏን ኮት አየች። ሜቲ፣ እናቷ አሁን እውነቱን ትናገራለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን እርሳሱን ገልብጣ በላጲሱ «ሜ»ዎቹን ታጠፋ ጀመር፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ።

«ደርሶብሽ ስለማታውቂ ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። «አባትሽ በሰው አፍ ከገባ ማን ቤት ይከራየናል? ማን ያከብረናል? ሂጂ ጥናትሽን አጥኚ።»

ስለዚህ እናቷም ታውቃለች። ሦስቱም ያውቃሉ። ሜቲ ከዚህ በኋላ ለማን እንደምትናገር ግራ ገባት።

ረቡዕ ከሰዓት እናቷ ለጸሎት ወጣች። ከቅዳሜ ወዲህ ጓዳው ስለሚቆለፍ፣ ሜቲ ቁልፉን ከግድግዳው ሰዓት ጀርባ አወጣች። ጣሳውን ከፈተች፤ የሰሊጡ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው፤ አላማራትም። «ብ»ን በማንኪያው ጀርባ ጠረገቻት። ከዚያ ከግማሽ ክብሪት እንጨቶች አንዱን አንስታ በስተግራ በኩል፣ እናቷ ሳትቸገር እንድታነበው አጉልታ፣ «ሜ» ብላ ጻፈች። ቀኙን ግማሽ ባዶውን ተወችው። አባቷም እኔም በልቻለሁ ማለት ከፈለጉ፣ ቦታው ለሳቸው ፊደል ይበቃል።

የውጭው በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ። የእናቷ ነጠላ ጫማ ግቢውን አቋረጠ፤ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ሥር ትንሽ ቆመ፤ ቅዳሜ የተሰጣውን አንሶላ እስከ አሁን ማንም አላነሳውም። ከዚያ ወደ ቤት ቀጠለ።

ጣሳውን ለመክደንና ቁልፉን ለመመለስ ጊዜ ነበራት። ሜቲ ክዳኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፤ ማንኪያዋን እንደያዘች የጓዳውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችውና ቆማ ጠበቀች።