የእናቷ አንገት

«አትቸኩዪ» አለቻት ፊዚዮቴራፒስቷ ፅዮን። «በጣትሽ አትውጊያቸው፤ በመዳፍሽ ሙሉ ያዢው።»

ፈህሚያ መዳፏን ከእናቷ አንገት ሥር አሳረፈች። እናቷ ሒክማ በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ጠንካራ አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታለች። ከራስ ቅሏ ሥር ጀምሮ እስከ ግራ ትከሻዋ ድረስ ያለው ሥጋ እንደ ራሰ ገመድ ተወጥሯል። ፈህሚያ ይህን አንገት ለመጨረሻ ጊዜ ያቀፈችው የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷ ወደ ጅዳ የሄደች ዕለት ነበር። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ምን ያህል መጫን እንዳለባት አታውቅም።

ፅዮን የጋዋኗን እጅጌ ሰብስባ የራሷን እጅ በፈህሚያ እጅ ላይ ደረበች። «እዚህ ጋ ቋጠሮ አለ፤ ተሰማሽ? አትሽሺው። ጫን አድርገሽ ቆዪ። ትንፋሻቸውን ሲያወጡ ይለቃል።»

ሒክማ ረዘም ያለ ትንፋሽ አወጣች። ከፈህሚያ መዳፍ በታች የሆነ ነገር ረገበ፤ ልጅቷ ደንግጣ እጇን ልታነሳ ቃጣት።

«እሱ ነው» ብላ ሳቀች ፅዮን። «በየቀኑ ቤት ውስጥ እንዲሁ አድርጊላቸው። መጀመሪያ በሞቀ ፎጣ አሙቂላቸው። ግን ማንም አንገታቸውን እንዳይጠመዝዝ! ቀጭ ላድርገው የሚል ሰው ቢመጣ እንዳትሰሙት። እጃቸውን ከደነዘዛቸው ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ።»

ሒክማ ቀስ ብላ ተነሥታ ሻርፗን አስተካከለች። «ከዳንኩ በኋላ ከባድ ነገር ማንሳት እችላለሁ?»

«ምን ዓይነት ከባድ ነገር?»

«ሰው። አሠሪዬ አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ናቸው። እሳቸውን ሳገላብጥና ሳነሳ ነው እንዲህ የሆንኩት።»

«አነሳሱን አስተምርዎታለሁ» አለች ፅዮን። «መጀመሪያ ይዳኑ እንጂ ይቻላል።»

ፎጣ ታጥፍ የነበረችው ፈህሚያ እጇ ባለበት ቀረ። እናቷ ልትመለስ ነው ማለት ነው። የምትመለሰው ደግሞ ስትድን ነው። የምታድናት እሷ ራሷ ናት።

ጎንደር ውስጥ አዲስ ዓለም ወደሚባለው ሰፈራቸው በባጃጅ ተመለሱ። መንገዱ ባንገጫገጫቸው ቁጥር ሒክማ በግራ እጇ አንገቷን ትደግፋለች፤ ፈህሚያም በሌላኛው በኩል የባጃጁን ብረት ጭብጥ አድርጋ ትይዛለች።

የሚኖሩት ከሒክማ ታላቅ እህት ከሰኪና ዘንድ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቋ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ውስጥ ነው። ፈህሚያ አባቷን አታስታውሰውም፤ የሞተው ገና ሳትራመድ ነው። ያሳደገቻት አክስቷ ናት። እናቷ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በስልክ የምትሰማ ድምፅ ነበረች፤ «ደህና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው?» ብላ ካርዱ የሚያልቅባት። ስለዚህ ስትመጣ ፈህሚያ እንደ ማንኛውም ትልቅ እንግዳ አንቱ አለቻት። ሒክማ ለአፍታ ክፍት አላት።

በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ፍራሹ ወለሉ ላይ ይነጠፋል፤ ፎጣው በሞቀ ውሃ ይነከራል፤ ሒክማ በደረቷ ትተኛለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሒክማ ማውራት ጀመረች። ፊቷ ወደ ትራሱ ስለዞረ፣ ልጇም ስለማታያት ሳይሆን አልቀረም፤ ቀን ሙሉ የማይወጣት ወሬ በዚያ ሰዓት ይወጣታል።

«ጥርስሽ ሲነቀል ማን ጣሪያ ላይ ወረወረልሽ?» ብላ ጠየቀቻት አንድ ቀን።

«አክስቴ። ግን ሳተችና የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወደቀ። ሌላ ሰው ጥርስ ያበቅልበታል ብዬ አለቀስኩ።»

ሒክማ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋም መሀል ላይ ወደ ማቃሰት ተለወጠ።

«አመመሽ?» አለች ፈህሚያ ደንግጣ።

አንቺ ማለቷን ሁለቱም እኩል ሰሙት። ፈህሚያ ልታርመው አፏን ከፈተችና ተወችው። ሒክማ ወደ ትራሱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጅዳ ሆኜ የማስባት ልጅ አምስት ዓመቷ ነበረች» አለች። «ስመጣ በሩን የከፈተችልኝ ሌላ ናት። እንዳንቺ ያለች ቆንጆ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያቺንም በዓይኔ ፈለግኳት።»

በዚያን ቀን የፈህሚያ እጅ በእናቷ አንገት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ።

አንገቱ እየላላ ሄደ። ሒክማ ፀጉሯን ራሷ ማበጠር ቻለች። በዚያው ሰሞን ስልክ ተደወለ። እናቷ ፈህሚያ በማታውቀው ዐረብኛ እየሳቀች፣ እየመለሰች፣ በመጨረሻም «ኢንሻ አላህ፣ ኢንሻ አላህ» እያለች ስልኩን ዘጋች።

«የአሮጊቷ ልጅ ናት» አለች ለሰኪና። «ሌላ ሰው ሲነካቸው ይጮኻሉ አሉ። ከረመዳን በፊት ድረሽልን ትላለች።»

በማግስቱ ፈህሚያ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ለምትቀመጠው ለሽታዬ ነገረቻት። ሽታዬ የትክል ድንጋይ ከተማ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ጎንደር ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወደ እናቷ ለመሄድ የምትቁነጠነጥ።

«እና ምነው እንዲህ ጨነቀሽ?» አለች ሽታዬ። «እጁ ያንቺ አይደለም? ቀስ በያ! ሸጋ አድርገሽ የምታሺያት ትመስያለሽ፣ ግን አታሺያትም። ማን ያውቅብሻል?»

«አቦ ተይ!» አለች ፈህሚያ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ግን ፎጣው ለብ ያለ ብቻ ነበር። መዳፏም በእናቷ ቆዳ ላይ ሄደ፣ መጣ፤ አልጫነም። ቋጠሮው ጋ ስትደርስ ዘልላ አለፈችው። በቀጣዩም ቀን እንደዚያው። ለራሷ ደክሞኛል አለች፤ ፈተና ደርሷል አለች። ሒክማ አልወቀሰቻትም። ሰኪና «ምነው እንደገና ባሰብሽ?» ብላ ስትጠይቃት እንኳ፣ «ልጄ ምን ታድርግ፣ እጇ እስኪዝል ትለፋለች፤ የኔ አንገት ነው እምቢ ያለው» አለቻት። ፈህሚያ ይህን የሰማችው ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ነው። መጽሐፏን ገለጠች፤ አንድም መስመር አላነበበችም።

አንድ ምሽት እናትና ልጅ ጎን ለጎን መግሪብ ሰገዱ። ፈህሚያ በእናቷ ግራ ነበረች። ቀድማ ጨርሳ ተቀምጣ ሳለ ሒክማ ለማሰላመት፣ ሶላቷን በሰላምታ ለመዝጋት፣ ራሷን ወደ ቀኝ አዞረች። ወደ ግራ ስትመለስ ግን አንገቷ መሀል ላይ ቆመ። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ መላ አካሏን ይዛ ዞረች፤ ፊቷ ከፈህሚያ ፊት ጋር ሲገጣጠም ዓይኖቿ በሕመም እንባ ሞልተው ነበር።

«ደህና ነኝ» አለች ሒክማ ፈጠን ብላ። «ደህና ነኝ፣ ልጄ።»

ፈህሚያ ተነሥታ ወጣች። የሱቁን የኋላ በር ተደግፋ ብዙ ቆመች። እናቷ ከጎኗ እንድትሆን ነበር የፈለገችው። ይኸው ከጎኗ ናት፤ ወደሷ መዞር ግን አልቻለችም።

በማግስቱ ውሃው የፈህሚያን እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ሞቆ ነበር። ፎጣውን ጨምቃ በእናቷ አንገት ላይ አደረገችላት፤ ጥቂት ቆይታም አነሳችው። ቋጠሮው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ጠንክሯል።

«እማ።»

«ወይ።»

«ሰሞኑን እየጫንኩ አልነበረም። ዝም ብዬ እጄን ነው የማሳልፈው።» ፎጣውን በእጇ ጨበጠች። «አውቄ ነው።»

ከሱቁ በኩል ሰኪና ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ይሰማል።

«አውቃለሁ» አለች ሒክማ።

«ምን?»

«በገዛ አንገቴ ላይ እኮ ነው፣ ፈህሚያ። እጅሽ ሲመጣልኝም ሲሸሸኝም እለየዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እዚህ የምቆይበት ቀን ትንሽ እንዲረዝም እኔም ሳልፈልግ አልቀረሁም።»

ፈህሚያ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። «ስትድኚ ትሄጃለሽ?»

«አላውቅም። ሰኪና ሱቁን አብረን እንያዝ ትላለች። የጅዳዋ ደግሞ ትደውላለች። አልዋሽሽም፤ አላውቅም።» ከዚያ ጠየቀቻት፦ «ብሄድ ትቀየሚኛለሽ?»

ፈህሚያ አሰበችበት። ደግ መልስ ነበራት፤ አክስቷ ያስተማረቻት ዓይነት፣ ለትልልቅ ሰዎች የሚመለስ።

«እቀየምሻለሁ» አለች። «በጣም።»

የሒክማ ትከሻ ተነሥቶ ወረደ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየለትም። እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የልጇን ጉልበት ነካች።

ፈህሚያ በጉልበቷ ተስተካክላ ተቀመጠች። በሁለት መዳፎቿ የእናቷን አንገት ይዛ ቀስ ብላ ወደ ግራ ትከሻዋ ወረደች።

«እዚያ ጋ» አለች እናቷ።

ፈህሚያ ክብደቷን ሁሉ አሳርፋ እዚያው ቆየች።