የውሰት ስም

«ጻፊዋ! እስክሪብቶው ነው የከበደሽ?» አሉ እትዬ ፈርሂያ።

መቅደላዊት እስክሪብቶውን አነሳች። ከስዊድን የመጣው ፎርም ፊቷ ተዘርግቷል። እናቷ የዚያ አገር ዜጋ ለመሆን ልታመለክት ነው፤ ልጇንም አብራ ልታስገባት። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ራሷ ሞልታ ትፈርም ተብሏል። የራሷን ስም ጻፈች፤ የትውልድ ቦታ፣ መካነ ሰላም። «የእናት ስም» ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

እናቷ ንግሥቴ ናት። ግን የዛሬ አሥር ዓመት ደላላው «ለዓረብ አገር የእስላም ስም ነው የሚሻለው» ሲላት፣ ጎረቤቷ እትዬ ፈርሂያ የቀበሌ መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጧት። በእሳቸው ስም ፓስፖርት አውጥታ ጅዳ ገባች፤ በእሳቸው ስም ስዊድን ተሻገረች። መቅደላዊትንም ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

ትናንት እናቷ ደውላ «ፈርሂያ ብለሽ ጻፊ፤ እዚህ የምታወቀው በዚያ ነው። ሌላ ከጻፍሽ ጉዳችን ፈላ» ብላታለች።

«እትዬ፣ ደሴ ለፓስፖርት ሲሄዱ ምን አሉዎት?»

«ምን ይሉኛል፣ ‹አንቺማ ድሮ ከአገር ወጥተሻል› አሉኝ። ወላሂ፣ ራሴን ዳሰስኩ!» ሳቁ።

«እናቴ ዜጋ ከሆነችስ?»

«ያኔማ እኔም ስዊድናዊት ሆንኩ በያ!» ሳቃቸው መሃል ላይ ተቆረጠ። «እህቴ ሪያድ ታማብኛለች። ሄጄ ዓይኗን ላይ ብዬ ነበር... ተይው። አንቺ እናትሽን አግኚ። ጻፊ።»

መቅደላዊት ግራ ገባት። የእናቷን ድምፅ እንጂ ፊቷን አታስታውሰውም። አንዲት ቃል ብትጽፍ ታገኛታለች። ያቺ ቃል ግን አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ናቸው። ባትጽፍ ደግሞ እናቷን ቢያባርሯትስ? የሥነ ዜጋ መምህሯ መብትና ግዴታ እያሉ ሲያስሸመድዷቸው፣ ስለ ውሰት ስም ያሉት ነገር የለም።

ስልኩ ጮኸ።

«ጻፍሽ?» አለች እናቷ፣ ሰላም እንኳ ሳትል።

«አልጻፍኩም፣ እማዬ። መጀመሪያ የእትዬ ፈርሂያን ስም መልሺላቸው። ለነጮቹ እውነቱን ንገሪያቸው። እኔ እጠብቅሻለሁ። አሥር ዓመት ጠብቄሽ የለ?»

እትዬ ፈርሂያ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች ንግሥቴ።