የመምህር ዓብዱሰመድ ሰማይ

መምህር ዓብዱሰመድ ጭንቅላታቸውን ወደ ፔዦ መኪናቸው ውስጥ አስገብተው ወደ ላይ አዩ። አዩና የጣሪያውን ጨርቅ በጣታቸው ዳበሱ። ሲፈን አባቷን ተመለከተች። ጫላ ሙጫ የደረቀባቸውን ጣቶቹን በጨርቅ እያሸ፣ ሙገሳ እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሏል።

ፈገግታው አይፈረድበትም። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር የመኪና ወንበርና ጣሪያ ማልበሻ ቤት ከከፈተ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ይህች አሮጌ ፔዦ 404 ደግሞ የመጀመሪያዋ ትልቅ ሥራው ናት። ስትመጣ የጣሪያዋ ልብስ ተቀዳዶ አልቆ ቆርቆሮው ራቁቱን ነበር። ጫላ ከውስጥ በፋይበርግላስ ለብዶ የጣሪያውን ቅርጽ ቀዳ። በዚህ ከተማ ሙቀት ማጣበቂያው ገና ባልዲው ውስጥ እያለ ስለሚደርቅ ሁለቴ ተበላሸበት፤ በሦስተኛው ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ተሳካለት። ከዚያ የደረቀውን ቅርጽ አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ስስ ስፖንጅ ያለው ሰማያዊ ጨርቅ አንዲት መጨማደድ ሳትታይበት ለጠፈበት። መኪናዋ ላይ ሲገጥመው ልክክ አለ።

«ይህ የእኔ ሲየል አይደለም» አሉ መምህሩ በመጨረሻ፣ በፈረንሳይኛ።

«ምን አሉ?» አለ ጫላ።

ሲፈን ግራ ገባት። አባቷ ከአዳማ ከመጣ አራት ዓመት ቢሞላውም ፈረንሳይኛ አልዘለቀውም። ጡረተኛው መምህር ደግሞ ከአማርኛ የሚያውቁት «ነገ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ እሷንም ያስተማሯቸው በቀጠሮ የሚያመላልሷቸው የሰፈሩ ሐበሻ መካኒኮች ናቸው። ሁለቱን የምታግባባው ሲፈን ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከክፍሏ በፈረንሳይኛ የሚስተካከላት የለም። ጫላም ለመጣ ለሄደው ሁሉ «የኔ ልጅ እኮ ፈረንሳይ ናት!» ይላል።

ሲየል ሰማይ ነው። ይህን የአንደኛ ክፍል ልጅም ያውቃል። ከሦስት ሳምንት በፊት መምህሩ «ሲየሉን እንደ ጥንቱ አድርጉልኝ» ሲሉ፣ «ሰማዩ እንደ ጥንቱ ይሁን ይላሉ» ብላ ተረጎመች። ጫላ አሰብ አድርጎ «ሰማያዊ ይሁን ማለታቸው ነው?» አላት። ነገሩ እሷንም ገርሟት ነበር፤ መኪና ውስጥ ምን ሰማይ አለ? መልሳ ብትጠይቅ ግን አለማወቋ ሊታወቅባት ነው። «አዎ፣ ሰማያዊ» አለች።

ታዲያ አሁን ምን ጎደለ?

«ጠቆረብዎት እንዴ? ፈካ ያለ ሰማያዊ ነበር የፈለጉት?» ስትል በፈረንሳይኛ ጠየቀቻቸው።

አሁን ደግሞ ግራ የገባቸው እሳቸው ሆኑ። «ስለ ሰማያዊ ማን አወራ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ሲየል አላሉም?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ተከተይኝ ብለዋት ደጅ ወደቆመው ታክሲ ሄዱ። በመስኮቱ በኩል ጣሪያውን አሳዩዋት። የተሰነጣጠቀ ጥቁር ፕላስቲክ ነው።

«ይህም ሲየል ነው» አሉ። «የመኪና ጣሪያ የውስጥ ልብሱ ሲየል ይባላል፣ ልጄ። ጥቁርም ቢሆን፣ ቀይም ቢሆን። የእኔ ክሬም ነበር። አባትሽ አልሰማኝም ማለት ነው?»

ሲፈን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ምን አሉሽ? አልወደዱትም እንዴ?» አለ ጫላ ከኋላዋ መጥቶ። ፈገግታው ጠፍቷል።

ሁለቱም አፍ አፏን ያያሉ። ለመምህሩ «አባቴ ተሳስቶ ነው» ማለት ትችላለች። ለአባቷ ደግሞ «ሐሳባቸውን ቀየሩ» ማለት። ሁለት ውሸት በሁለት ቋንቋ፤ ማንም አይነቃባትም። አባቷም ፈረንሳይ ናት ማለቱን አይተውም። ግን መምህሩ ለወዳጆቻቸው ሁሉ «ያ ሐበሻ የነገሩትን አይሰማም» ይላሉ፤ ያኔ ማን መኪናውን ያመጣለታል? ይህን ስታስብ ፈረንሳይኛውም አማርኛውም ተምታታባት። የቱን አስቀድማ ለማን እንደምትናገር ጠፋት።

«ሰማያዊ አላሉም» አለች በአማርኛ። «ቃሉ አልገባኝም ነበር፣ አባዬ። ሳይገባኝ ነው አዎ ያልኩህ።»

ጫላ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ወደ ፔዦዋ ዞሮ ያን ሁሉ የደከመበትን ጨርቅ አየው።

«ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

«አታውቅም እንዳትለኝ ብዬ።»

«እኔ ጭራሽ አላውቅም» አለ ጫላ ቀስ ብሎ። «በዚህ ንቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሲፈን በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ መጣ። በእጅጌዋ ጠራርጋው ወደ መምህሩ ዞረች፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ የሠራው እኔ ያልኩትን ነው» አለቻቸው። መምህሩ ጫላን አዩት፤ ከዚያ እሷን።

ጫላ ቢላውን አንስቶ የጨርቁን ጠርዝ መላጥ ጀምሯል። «ቅርጹ ደህና ነው» አለ ከመኪናው ውስጥ። «በይ፣ ምን ዓይነት ክሬም እንደነበር ጠይቂልኝ።»

ጠየቀቻቸው። ነገሯት። የገባት መሰላት፤ ቢሆንም በሌላ ቃል እንደገና ጠየቀች። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅ መምህሩ ሰልችቷቸው ሳቁ።

«ይቅርታ፣ መምህር» አለች ሲፈን፣ አንድ እቅፍ የጨርቅ ናሙና እየዘረጋችላቸው። «እስቲ ደግሞ በጣትዎ ያሳዩኝ።»