ግማሽ ጀሪካን

መጋቢት ስድስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ እሑድ፣ የዘቢዳር ተራራ ጉሙን ገና ከትከሻው ሳያወርድ፣ ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ በሰው ጠቁሮ ነበር፤ አዲሱ በሽታ አዲስ አበባ መግባቱ በራዲዮ ከተነገረ ሁለት ቀን ቢሆነውም፣ ሕዝቡ አፉን በነጠላና በሻሽ ሸፍኖ ከእምድብርም ከወልቂጤም ጎርፎ መጥቷል። ልጆቼ፣ ያ ሜዳ ተራ ሜዳ አልነበረም፤ ቀይ ዙር የሚባለው፣ አሮጌ መኪኖች በራቸው ተነቅሎ፣ ጣራቸው በብረት ቱቦ ታስሮ የሚሽቀዳደሙበት የአፈር መንገድ ነው። ስሙ የገነነው ግን በፍጥነት ብቻ አይደለም፤ በዋርካው ሥር ያለው መታጠፊያ ሰው ስለበላም ነው።

ወይዘሮ ዘይባ ከባጃጅ ወርዳ ሜዳውን ስትረግጥ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር። ባሏ ዑመይር ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የሞተው እዚያ ዋርካ ሥር ነው።

ቀይ ዙር የራሱ ሥርዓት ነበረው። ውድድሩ ሳይጀመር የእያንዳንዱ ሹፌር እናት ወይም ሚስት አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃ በጀርባዋ አዝላ መጥታ መታጠፊያው ላይ ለቤቷ በተመደበው ስፍራ ታፈሳለች፤ አቧራው እንዲተኛ፣ የኋለኛው የፊተኛውን እንዲያይ። ከቤቱ ውሃ ያልመጣለት ሹፌር ሞተር አያስነሣም፤ ዳኛው ይከለክለዋል። በዚያን ጊዜ ዘይባ ባሏ እንዳይነዳ ፈልጋ፣ ውሃውን ከልክላ፣ በሯን ዘግታ ተቀመጠች፤ ዑመይር ግን ሌላ ሰው ውሃ አፍስሶለት ነዳ። በሁለተኛው ዙር መኪናው መታጠፊያው ላይ ተሽከርክሮ ቆመ፤ ከኋላው የመጣው በአቧራው ውስጥ ሳያየው ገጨው። ያንን ውሃ ማን እንዳፈሰሰለት እስከዚህ እሑድ ድረስ አላወቀችም።

አሁን ደግሞ ልጇ ራምዚ፣ የሃያ አራት ዓመቱ ጋራዥ ሠራተኛ፣ አሮጌ ላዳ ጠግኖ ሊነዳ ነው። ስለዚህ ዘይባ ዛሬ ቤት አልተቀመጠችም፤ በዳኞቹ ፊት ቆማ "ከእኛ ቤት ውሃ የለም" ልትል፣ ሌላ ሰውም እንዳያፈስለት በዓይኗ ልትጠብቅ መጣች።

ራምዚን ላዳው አጠገብ አገኘችው። ዑራኤል የሚባለው ተወዳዳሪ በአጠገቡ ቆሞ ያሾፍበታል።

"ራምዚ፣ ይቺ ላዳህ ካልተነሣች ሰው ሰብስበን እንገፋልሃለን፤ አትጨነቅ።"

"አንተ ብቻ ከኋላዬ ስትመጣ ጭሱን እንዳትጠጣ አፍህን ሸፍን፤ በሽታ ገብቷል ተብሏል" አለና ራምዚ ሲስቅ እናቱን አየ፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "እማ፤ አንቺ እዚህ?"

ዑራኤል ነገሩ ገባውና እጅ ነሥቶ ዞር አለ።

"ውሃ አላመጣሁም" አለች ዘይባ። "ልነግራቸው ነው የመጣሁት።"

"አውቄያለሁ።" ራምዚ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። "እማ፣ ብትከለክይኝ እሺ እላለሁ። ግን አልዋሽሽም፤ ዛሬ እዚህ ካልነዳሁ ነገ ከልጆቹ ጋር በወልቂጤው አስፋልት ላይ እሽቀዳደማለሁ። እዚያ ደግሞ ሲኖትራክ አለ፤ ዳኛም የለም፤ ውሃም የለም።"

ዘይባ በተነቀለው በር በኩል ወደ ውስጥ ስትመለከት ከኋላ ወንበር ሥር ጨርቅ የለበሰ ነገር አየች። ጨርቁን ገለጠችው፤ ጀሪካን ነው። እጀታውን ይዛ ስታነሣው ቀለላት፤ ውሃው ከሥር ተንቦጫረቀ። ግማሽ ነበር።

"ከማን ነው?"

"ከጎረቤት ለመንኩ። ያላቸው ይኸው ነው፤ ቦኖው ጋ ሰልፉ ረጅም ነው።"

የላዳውን ጣራ ይዛ ቆመች። ይህን ሁሉ ከጥግ ሆነው ያዩ የነበሩት ሐጂ ከድሮ፣ የቀይ ዙር ዋና ዳኛ፣ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ቀረቡ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ወይዘሮ ዘይባ።"

"ወአለይኩም ሰላም፣ ሐጂ።"

ሽማግሌው ጀሪካኑን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ይህን ነገር ይዤ መቃብር ልገባ ነበር። ያን ጊዜ ከቤቱ የመጣ ነው ብዬ ለዑመይር ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። ለመነኝ፤ ጓደኛዬ ነበር፣ እምቢ ማለት አቃተኝ። በእጄ የነበረው ግን ግማሽ ጀሪካን ብቻ ነበር። ለዓይን ያህል አረጠብኩት፤ በሁለተኛው ዙር ደረቀ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ፈራሁሽ።"

ዘይባ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ውሃውን ያፈሰሰውን ሰው ባገኘሁት ብላ ስትመኝ ኖራ ነበር፤ ምን እንደምትለውም በልቧ ደጋግማ ተናግራው ነበር። አሁን ግን የታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ስትከለክል ወንዶቹ መንዳት አይተዉም፤ ውሃው ብቻ ይጎድላል።

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና መልሳ አዘለችው።

"ሐጂ፣ ሳልመለስ እንዳያስጀምሩ።"

ቦኖው ጋ ስትደርስ "እኅቶቼ፣ የልጄ ነገር ነው" አለች፤ ሴቶቹ ወረፋ ለቀቁላት። ሁለት ጊዜ እስከ አፉ ሞልታ፣ ገመዱ ትከሻዋን እየቆረጠው ተመላለሰች፤ ዋርካው ሥር በደረሰች ቁጥር፣ ባሏ በወደቀበት አፈር ላይ ውሃውን በዝግታ፣ ስንጥቁን ሁሉ እየፈለገች አፈሰሰች። ቀዩ አፈር ጠቆረ።

ሞተሮቹ ሲነሡ ዓይኗን ጨፈነች። ከስምንት መኪና መካከል የላዳውን ድምፅ ለይታ፣ ሲርቅ ትንፋሿን እየዋጠች፣ ሲቀርብ እየተነፈሰች አዳመጠች፤ አንድ ዙር፤ ሁለት ዙር። በሦስተኛው ላይ ድምፁ ቆመ።

ሕዝቡ ጮኸ። ዓይኗን ስትገልጥ ላዳው መታጠፊያው ላይ ተሽከርክሮ፣ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል፤ የዑራኤል መኪና በሙሉ ፍጥነት እየመጣበት ነው። አቧራ ግን አልነበረም። ዑራኤል አየው፤ መሪውን ጠመዘዘ፤ በአንድ ክንድ ርቀት አልፎ ሄደ። የረጨው ጭቃ የራምዚን ፊት ሸፈነው፤ ከጭቃው ውስጥ ሁለት ዓይን ሲርገበገብ ዘይባ አየች፤ ከዚያም መሬት ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ በበሽታው ምክንያት ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ እንዲቀር ታዘዘ፤ ቀይ ዙርም ዳግመኛ አልተከፈተም፤ ዛሬ ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል፣ ግማሹ በርበሬ ይዘራበታል። በከተማው ሻይ ቤቶች የመጨረሻው አሸናፊ ዑራኤል እንደሆነ ይወራል፤ ስለ ራምዚ የሚነሣው ሦስተኛውን ዙር አለመጨረሱ ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር የሞቱትን በስም ይቆጥሯቸዋል። በዚያ እሑድ እዚያ ስላልሞተው ግን የሚያወራ የለም፤ የውሃውን ነገር የሚያውቁት እናቱና ሐጂ ከድሮ ብቻ ነበሩ፤ ሐጂም በዚያው ዓመት ክረምት አረፉ። ዘይባ በቀብራቸው ቀን ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ እስከ አፋቸው ሞልታ፣ ለለቀስተኛው መጠጫ ወስዳ በራቸው ላይ አስቀመጠች።