በጽዮን ስም የመታው የኢክራ ልብ

«ቶሎ በይ፣ ቲቸር ሳያዩን» አለቻት ኢክራ ጽዮንን፣ እጇ ላይ ያለውን ማሰሪያ እየፈታች።

ማሰሪያው የልብ ምት ይቆጥራል። የስፖርት መምህራቸው ቲቸር ገብረትንሣኤ ለተማሪው ሁሉ አድለውታል፤ ምቱ በፕሮጀክተር ከነስማቸው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ሩጫ ብቻ ስፖርት አይደለም፣ ዛሬ ልባችሁ የሚለውን እናያለን ብለዋል። ኢክራን ያስደነገጣት ይኸው ነው።

ፒያሳ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ከተማ ዳር ከገቡ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቷን ላለመቀየር ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። አንድ ቀን እዚያው ሰልፍ ላይ እንደቆመች ልቧ ድው ድው ይል ጀመር፤ ትንፋሽ አጠራት። ከዚያ ወዲህ ይመላለስባታል። የልብ በሽተኛ ነኝ ብላ ደምድማለች። እናቷ አዲሱን ሰፈር ገና አልለመደችውም፤ በዚያ ላይ ይህን ከሰማች አለቀላት ብላ ነገሩን ዋጥ አደረገችው። አሁን ደግሞ ክፍሉ ሁሉ ሊያየው ነው።

ጽዮን የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ለትምህርት ቤቶች ውድድር የተመረጠች ሯጭ። የኢክራን ጭንቀት አታውቅም። ኢክራ «ሙድ ይይዙብኛል» ስትላት «አታካብጂ ባክሽ» ብላ ስቃ ማሰሪያውን ተቀያየረቻት።

ሁሉም ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳሉ መምህሩ መብራቱን አጠፉ። ወይ ጉድ! የክፍሉ ልብ ሁሉ ግድግዳው ላይ በአንዴ መምታት ጀመረ። አረንጓዴ መስመሮች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። በቀልዱ የሚታወቀው ገነነ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ኢክራ ልብን የምታውቀው ከባዮሎጂ መጽሐፍ ሥዕል ነው፤ ይህ ግን እዚሁ አጠገቧ ያለ ሕይወት ነው። ለአፍታ ፍርሃቷን ሁሉ ረሳች።

ወዲያው በጽዮን ስም ያለው መስመር ቀላና ይጋልብ ጀመር።

መምህሩ ጽዮን ዘንድ መጥተው ጎንበስ አሉ። ቁጭ ብላ እንዲህ ከመታባት ሐኪም ሳያያት እንደማያስሮጧት፣ በቅዳሜው ውድድርም ሌላ ልጅ እንደምትተካት በቀስታ ነገሯት። የጽዮን ፊት ዐመድ መሰለ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ውድድር ነው። ኢክራን አየት አደረገቻት፤ ግን አላሳበቀችባትም።

ኢክራ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ጽዮን ግን መሮጧ ቀረ። መስመሩም ኢክራ በፈራች ቁጥር ይብስበታል።

«ቲቸር» አለች ብድግ ብላ፣ «ያ ልብ የኔ ነው። ማሰሪያውን ተቀያይረን ነው። እኔ ነኝ የለመንኳት።»

የሳቀ የለም። መምህሩም አልተቆጡም። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡና አብራቸው እንድትተነፍስ ጠየቋት፤ በአፍንጫ ሳብ፣ በአፍ በዝግታ ለቀቅ። ኢክራ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተከለች። መጀመሪያ ምንም ለውጥ የለም። ቆይቶ መስመሩ ያመነታ መሰለ፤ ከዚያ ወረደ። ደግማ ተነፈሰች፣ አሁንም ወረደ፤ ቀዩ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነ። ሰው የገዛ ልቡን ማባበል ይችላል ለካ! ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ አልጠረገችውም።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም ይየው» አሉ መምህሩ። «ግን የፈራ ልብም እንዲህ ይመታል። ብቻሽን ነው የያዝሽው?»

ኢክራ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ጽዮን መጥታ ጎኗ ተቀመጠችና፣ ለኔ እንኳ አትነግሪኝም፣ አንቺ ፋራ ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ተማሪዎቹ ሲወጡ መምህሩ ለእናቷ ልደውል ወይ ብለው ጠየቋት። ኢክራ ትንሽ አሰበችና እኔው ልንገራት ብላ ስልካቸውን ተቀበለች።

«እማዬ፣ አትደንግጪ፣ ደህና ነኝ። ማታ ስመጣ የምነግርሽ ነገር አለ።» በአፍንጫዋ አየር ሳብ፣ በአፏ በዝግታ ለቀቅ አደረገች። «አይ፣ ማታ አይደለም። አሁን ልንገርሽ።»