ሲወጣ ይበርደዋል

ይሄን የምጽፈው እንድታምኑኝ ለምኜ አይደለም። ያላመነ ጣቱን አንቀሳቅሶ ይለፈው።

የሆነው ግን ሆኗል። እኔ ራሴ ውሃው ውስጥ ነበርኩ።

ሌሊት አልነበረም። እኩለ ቀን ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሐይቁ ደግሞ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ብሏል...

አራት ሆነን ሐይቁን ከማዶው ዳር ወደ ሰፈራችን ዳር በዱላ ቅብብል ልናቋርጥ ወጥተናል። ዱላ ቅብብል ይባል እንጂ ዱላ የለውም። አንዱ አንድ ሰዓት ይዋኛል። ተረኛው ከጀልባው ዘሎ ይገባና እጁን ይነካዋል። የተነካው ይወጣል፣ የነካው ይቀጥላል።

እጅ ካልተነካ ዋናው አይቆጠርም። ካልተቆጠረ ደግሞ ገንዘብ እንሰጣለን ያሉት ሁሉ አይሰጡም።

የሚሰበሰበው ለነፍስ አድን ጀልባ መግዣ ነው። ሐሳቡ የታላቅ እህቴ ነው። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሐይቁ ዳር ባለችው ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ልጅ ሲሰምጥ የሚያመጡት እሷ ጋ ነው። ሁልጊዜ ዘግይተው።

ባለፈው ክረምት የሰመጠውን ልጅ ግን ጭራሽ አላመጡትም። አልተገኘም።

እናቱ እስካሁን ትመጣለች። ትንሽ ፎጣ አጥፋ ይዛ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች።

"ሲወጣ ይበርደዋል" ትላለች።

እህቴ አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ "ሌላ እናት ፎጣ ይዛ ስትቀመጥ ማየት አልችልም" አለችኝ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ መጣ።

እስኪ ስለ እሱ ትንሽ ልበል። የትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር፤ አሁን ግን "እሱ"ም ይበዛበታል። የእህቴን ሐሳብ ሰምቶ እንባ አቀረረ፣ በማግስቱ የራሱን ፊት ቲሸርት ላይ አሳተመ። ልምምድ ላይ ከውሃው ይልቅ መስታወቱ ያውቀዋል። ካሜራ ሲያይ ሆዱን ያስገባል... ካሜራው ዞር ሲል ሆዱ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እኔን "ህልመኛው" ነው የሚለኝ።

"ህልመኛው፣ ውሃው ላይ እንቅልፍ እንዳይወስድህ!"

"ጡንቻው" የምንለው አራተኛችን ይስቃል። ጡንቻው የስፖርት ቤት አሠልጣኝ ነው። አለቃ ሲቀልድ መሳቅ ሁለተኛ ሙያው ነው።

መጀመሪያ ጡንቻው ዋኘ። ሥራ አስኪያጁ ተቀበለው። ቀጥሎ እኔ፣ መጨረሻ እህቴ።

እኔና እህቴ ጀልባው ፊት ላይ፣ ሸራው ጥላ ሥር ነበርን። ከኋላ የሚሆነውን አላየንም። ቆይተን እንደሰማነው ሥራ አስኪያጁ ትንሽ እንደዋኘ በሞተሩ በኩል ወጥቶ ተኝቷል። ጀልባ ነጂው አይቶ ዝም ብሏል። ዕቅዱ ቀላል ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ቀስ ብሎ ተመልሶ መግባት፣ እጁን መስጠት፣ ፎቶ መነሳት።

"ህልመኛው! ተራህ ነው!" ብሎ ሥራ አስኪያጁ ይዞት የመጣው ፎቶ አንሺ ጮኸ።

ዘለልኩ።

ብቅ ስል መነጽሬ ጉም ለብሷል። ከፊት ለፊቴ አንድ እጅ ከውሃው ወጥቷል። ጭንቅላቱ አይታይም... እጅ ብቻ።

'ፎቶው ላይ እጁ ጎልቶ እንዲታይለት ነው፣ ይሄ ጉረኛ' አልኩ በሆዴ።

ነካሁት።

ሥራ አስኪያጁ ጣቱ ላይ የበር መዝጊያ የሚያህል ቀለበት አለው። ይሄኛው ቀለበት የለውም።

ለስላሳ ነው። ትንሽ ነው።

ደግሞ... አልለቀቀኝም። አንድ ትንፋሽ ያህል ያዘኝ። ከዚያ ወደ ታች ገባ።

"ቆይ አንተ! ገና አልገባሁም እኮ!"

ድምፁ የመጣው ከላይ ነው። ዞርኩ። ሥራ አስኪያጁ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እግሮቹ ደረቅ ናቸው። አፉ ብርቱካን ጎርሷል።



ፎቶ አንሺው ካሜራውን አየ። ደግሞ አየ።

"አለቃ... ፎቶው ላይ እጅ አለ።"

"አለ? በቃ፣ ተነክቷል!"

"ትንሽ ነው... የልጅ ይመስላል።"

"ትንሽም ሆነ ትልቅ እጅ እጅ ነው! ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ አንተ? ዋኝ!"

እግሮቹን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ገባ። ደስ ብሎት ነበር፣ እውነቴን ነው። ሳይረጥብ አለፈለት።

የጀልባውን ጠርዝ ያዝኩ። እህቴ ጎንበስ አለች።

"እትዬ፣ አውጪኝ" አልኩ በሹክሹክታ።

"ምን ሆንክ?"

"እዚህ... ሰው አለ።"

ውሃውን ብዙ አየችው።

"ከወጣህ አይቆጠርም" አለች።

"አውቃለሁ።"

"የነፍስ አድኑ ጀልባ ይቀራል።"

ዋኝ አላለችኝም። እሱን ብቻ ነው ያለችው። ያቺ ፎጣ ትዝ አለችኝ... ጠርዙን ለቀቅኩ።

ዋኘሁ።

እጄ ውሃውን ሲመታ ቻፕ ይላል። ከጎኔ ሌላ ቻፕ ይሰማል። አነስ ያለ።

ፈጠን ስል ይፈጥናል።

ስቆም ይቆማል... ግን ትንሽ ዘግይቶ። ጨዋታው እንዳልገባው ልጅ።

አንዴ ብቻ ጭንቅላቴን ነክሬ ወደ ጎን አየሁ። አረንጓዴ ውሃ ነው። ምንም የለም። ቀና ስል ትንንሽ ጣቶች የእግሬን አውራ ጣት ያዝ አድርገው ለቀቁ።

አልጮህኩም። እኔ ብጮህ ሥራ አስኪያጁ ይስቃል። ጡንቻው ይከተላል። ፍርሃት ከንቀት ጋር ሲሆን እንዲህ ነው፤ እየሞትክም እነማን እያዩህ እንደሆነ ታስባለህ።

የእህቴ ተራ ደረሰ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ወስኜ ነበር። የያዘኝን ነገር ለእሷ አላስተላልፍም። ጀልባውም ይቅር፣ ሁሉም ይቅር።

"አትግቢ!" ስል ዘለለች።

"እጅህን ስጠኝ" አለች ከውሃው ብቅ ስትል።

ሁለቱንም እጆቼን ብብቴ ሥር ቀበርኩ። በእግሬ ብቻ ተንሳፈፍኩ።

"አልሰጥሽም። እትዬ፣ እለምንሻለሁ... ውጪ።"

"ምን ያሽኮረምመዋል ይሄን?" አለ ሥራ አስኪያጁ ከላይ። "ሙሽራ ነው እንዴ? እጅህን ስጣት!"

እህቴ እጇን ዘረጋች። ወደ እኔ አልነበረም። ከትከሻዬ አጠገብ፣ ባዶ ውሃ ላይ።

ፊቷ ተለወጠ። ክሊኒክ ውስጥ ሕፃን መርፌ ከመውጋቷ በፊት የምታሳየው ፊት አላት። እሱን ሆነች።

"ነካሁ" አለች ቀስ ብላ።

ሁለቱም እጆቼ ብብቴ ሥር ናቸው።

ዞራ ዋኘች። በአንድ እጇ ብቻ። ሌላውን ከኋላዋ አስከትላ፣ በጎኗ፣ እስከ ዳር ድረስ።

"ምን ዓይነት የአሮጊት ዋና ነው ይሄ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"አሮጊት!" አለ ጡንቻው። ሳቀ። ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ።

ዳር ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። ጭብጨባ አለ፣ ሙዚቃ አለ። ሥራ አስኪያጁ ከመውረዱ በፊት የታሸገ ውሃ ከፍቶ ፀጉሩ ላይ አፈሰሰ። የዋኘ እንዲመስል። ከዚያ እጆቹን ከፍ አድርጎ ወረደ፣ ካሜራዎቹም ሮጡለት።

ስለዚህ እህቴን ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ከውሃው በእግሯ ወጣች። ቀስ ብላ። አጭር አጭር እርምጃ ነው የምትራመደው። ቀኝ እጇ ወደ ታች ወርዷል፣ መዳፏ አንድ ነገር እንደያዘ ታጥፏል።

ቆመች። ወደ ጎኗ ጎንበስ አለች።

"ቀስ... ድንጋይ አለ እዚህ ጋ።"

በካሜራዎቹ ኋላ አለፈች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ባለፎጣዋ እናት ወደምትቀመጥበት ድንጋይ ሄደች።

ሴትየዋ ተነስታ ቆማ ነበር።  ፎጣዋን ዘረጋች። ተንበረከከች። ከፊቷ ያለውን ባዶ አየር ጠቀለለችው... አሸት አሸት አደረገችው።

"በርዶሃል አይደል?" አለች።

ከዚያ ፊቷን ለመጥረግ ሁለቱንም እጆቿን ከፎጣው ላይ አነሳች።

ፎጣው አልወደቀም።